የአራት ጣት እጥፋት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «አራት ጣት» ይላታል። ስሟን ብቻ የሰማ እንግዳ ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ አስቀድሞ እጇን ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ አሥሩም ጣቶቿ በየቦታቸው ናቸው። ስሙ የወጣላት ከስፌቷ ነው። ለልጅ ስትሰፋ ከታች፣ ከጠርዙ፣ አራት ጣት ሙሉ ጨርቅ አጥፋ ታስቀራለች። ልጁ ቁመት በጨመረ ቁጥር ስፌቱ ይተረተርና ልብሱም አብሮት ያድጋል። «ለልጅ ልክክ አድርጎ የሚሰፋ ሰው፣ ልጁ እንዲያድግ አይፈልግም» ትላለች።

አላገባችም። ለምን ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ «ልኬቴን የሚያውቅ አልመጣም» ብላ ስቃ ታስቀዋለች። መኖሪያዋም መሥሪያዋም አንዲት ክፍል ናት፦ በሩ ሥር የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ኋላ አልጋ፣ ከአልጋው ግርጌ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ከረጢት። የምታሳድጋት ልጅ፣ ቁልፌ፣ እዚያ ቤት የመጀመሪያ እንቅልፏን የተኛችው በዚያ ከረጢት ላይ ነበር።

የቁልፌ እናት የጎን ክፍል ተከራይ፣ የሆስፒታል ፅዳት ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የሁለት ዓመት ልጇን «እስክመለስ ያዥልኝ፣ እህቴ» እያለች ለልብስ ሰፊዋ ትታላት ትሄዳለች። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ይህንኑ ብላ ወጣች፤ ስታጸዳው በኖረችው ሆስፒታል ወድቃ በሦስተኛው ቀን አረፈች። አባት ነኝ የሚል አልመጣም። ዘመድ ተፈለገ፤ እንደ ጉም በነነ። ሕፃኗ የሸሚዝ ቁልፍ የሞላበትን ቆርቆሮ አቅፋ ስታንሿሿ ሰነበተች፤ «ቁልፌ» የሚለው ስምም ያኔ ወጣላትና በዚያው ቀረ። ልብስ ሰፊዋ መኪናውን እየረገጠች፣ ከልቧ እያወጣች ታንጎራጉርላት ነበር፦

«ማህፀን ቢነፍገኝ ክንዴ መቼ ሰንፎ፣
አንቺን አሳደገ ከደረት ለጥፎ።»

አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ልጅቷን ኩፍኝ ሲይዛት፣ የወተት ጥርሷ ሲነቀል፣ «እማዬ» ብላ ስትጣራ፣ ከየትኛውም ቢሮ መጥቶ «ይህቺ ልጅ በልታ አደረች?» ያለ አንድ ሰው የለም። ጣጣው የመጣው ልብስ ሰፊዋ በሕግም እናቷ ልሁን ያለች ዕለት ነው። ትምህርት ቤቱ የአሳዳጊ ወረቀት አምጪ ሲላት ለፍርድ ቤት የጉዲፈቻ ማመልከቻ አስገባች። መልሱ በማኅተም መጣ፦ ባለሙያ ቤቷን ያያል፤ ለማሳደግ ብቁ ሆና ካልተገኘች ልጅቷ ማሳደጊያ ገብታ፣ ተራ ለሚጠብቁ ባልና ሚስት ትሰጣለች።

«ብቁ!» አለች ወረቀቱን እያራገበች። «ልጅ ያለ እናት ስትቀር ብቃት የጠየቀኝ ማን ነበር?»

ወሬው በግቢው ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ ለደግ ተነሣ። ከደግ ሰው ደግሞ እግዜር ይሰውር፤ ክፉን ይጠነቀቁታል፣ ደጉን ምን ያደርጉታል? አከራይዋ እማማ ወገባቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ቤት ነው ፋብሪካ? መኪናው ይውጣ!»

«እማማ፣ እንጀራዬ እኮ ነው።»

«እንጀራሽን እኔ ጓዳ ደብቄ እመልስልሻለሁ። ይሄ የተጣጣፈ ቀሚስስ? አዬ ጉድ! ያዩሽ እንደሆነ ልጅቷን በጨርቅ ነው ያሳደገቻት ይላሉ።»

«በጨርቅ ነዋ ያሳደግኳት!»

የሰማት የለም። ጎረቤቷ አናጢ ለደንበኛ የሠራውን ላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ በሁለት ሰው አሸክሞ አመጣ። የቁርጥራጩ ከረጢት፣ የልጅቷ ልብስ፣ በጠመኔ የተሞነጫጨረው ሰሌዳ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ እማማ ጓዳ ገባ። ክፍሏ እንደ ዕቃ መሸጫ አብለጨለጨች።

ባለሙያዋ ሰማያዊ ማኅደር የታቀፈች ወጣት ናት። ገብታ ዙሪያውን ቃኘች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ እሰፋለሁ።»

«በምን?»

ልብስ ሰፊዋ መኪናው ወደ ነበረበት ባዶ ቦታ አየች። ባለሙያዋ ጻፈች። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ወደ ተቀመጠችው ቁልፌ ጎንበስ አለች።

«የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ቤት ያንቺ የሆነ ነገር አሳዪኝ እስቲ።»

«ምንም የለም» አለች ቁልፌ፣ ውሸት ባልለመደ አፏ። «ይሄ የሰው ነው። እንዳትነኪ ተብያለሁ።»

ብዕሩ ወረቀቱን ጫር ጫር ሲያደርግ የልብስ ሰፊዋ ልብ አብሮ ተጫረ።

ሪፖርቱ ከችሎቱ በፊት ደረሳት። «በቤቱ ሕፃን እንደሚኖር የሚያሳይ ምልክት አልታየም። አመልካች ያላገባች ስትሆን መተዳደሪያዋም አልተረጋገጠም። ሕፃኗ ራሷ በቤቱ ያለው ንብረት የሰው መሆኑን ገልጻለች።» አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ደሟ ፈላ። እሳት ጎርሳ እማማ ዘንድ ገባች።

«ላሟን ከበረት አስወጥተን ኩበት የለም አስባልን፣ እማማ! ልጄን በሶፋ ሊወስዷት ነው!»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እኔ እኮ እንዳያሳፍርሽ ብዬ...»

«እኔ በምኑ ልፈር? ያሳደግኩበትን አምጡልኝ!»

በችሎቱ ቀን የመጣችው አንድ ቀሚስ ብቻ በክንዷ አጥፋ ነው። ዳኛዋ መነፅራቸውን ዝቅ አድርገው ሪፖርቱን ገለጡ። «ባል የለዎትም፣ የተለየ የልጅ ክፍል የለም፣ ልጅቷ አብራዎት ለመኖሯም ማስረጃ አልቀረበም። የሚሉት አለ?»

ሌላ ጊዜ ቢሮ ስትገባ ድምፅዋ ይሰልላል። ያን ቀን አልሰለለም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ቀሚስ ነው። ቁልፌ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳለች የሰፋሁላት፤ ያኔ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነበር። ጠርዙን ይዩልኝ። ከላይ ያለው ፀሐይና ሳሙና የበላው ነው። ከሱ በታች ይህቺ አንድ ጣት የተለቀቀችው ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው፣ ትንሽ ደመቅ ትላለች። ይህቺ አራት ስትሞላ፣ ይህቺ አምስት። ይህቺ ገና እንደ አዲስ የምትደምቀዋ የስድስት ዓመቷ ናት። አሁን ሰባት ሞላት፤ ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል፣ የሚለቀቅ እጥፋትም አልቋል። በየዓመቱ ቁጭ ብዬ የተረተርኩት እኔ ነኝ። ባል የለሽም ትሉኛላችሁ። ባል ቢኖር ይህን ክር ይፈታልኝ ነበር? ተራ የሚጠብቁት ባልና ሚስት ይህቺ ልጅ ስትፈራ የቀኝ ጆሮዋን እንደምትይዝ ያውቃሉ? አንድ ክፍል ነው ያለኝ፣ እውነት ነው። ግን አምስት ዓመት ሙሉ ስትነቃ ያጣችኝ ቀን የለም!»

ዳኛዋ ቀሚሱን ተቀብለው ጣታቸውን በአራቱ መስመሮች ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ።

«ይህን ለባለሙያዋ ለምን አላሳዩም?»

«ጎረቤቶቼ ደብቀውብኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ያሳፍራል ብለው።»

ከኋላ ወንበር እማማ ጮክ ብለው «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ ግን አልሳቁም። ቤቱ አስቀድሞ ሳይነገራት እንደገና እንዲታይ አዘዙ።

በአሥረኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ባለሙያዋ ሳታንኳኳ በሩ ላይ ቆመች። መኪናው ይንጣጣል። ወለሉ ክር በክር ነው። ቁልፌ ከመኪናው ጠረጴዛ ሥር በሆዷ ተኝታ በሰሌዳዋ ላይ በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔ ፊደል ትጽፋለች፤ የሚሰፋው ጨርቅ በወረደባት ቁጥር በጭንቅላቷ ትገፋዋለች። ባለሙያዋ መቀመጫ ብታጣ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ቀስ በይ» አለቻት ቁልፌ። «ትንሽ ሆኜ አልጋዬ ነበር።»

በሁለተኛው ወር ፍርዱ ወጣ። ወረቀቱን ይዛ የመጣችው ያቺው ባለሙያ ናት፤ ፊቷ በርቷል። «እንኳን ደስ አለዎት! ከዛሬ ጀምሮ እናት ሆኑ።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሣች። «ከዛሬ ጀምሮ?»

«ማለቴ... በወረቀቱ።»

«እንዲያ በይ። ወረቀቱን እቀበላለሁ፣ ላንቺም ለድካምሽ እግዜር ይስጥልኝ። የራሴን ልጅ ሰጣችሁኝ ብዬ ግን አላመሰግንም። ወደ ሌላ ሴት ቤት ስትሄጂ ሶፋዋን አትዪ፤ ልጁ ሲፈራ ወደ ማን እንደሚሮጥ እዪ።»

ባለሙያዋ አንገቷን አቀረቀረች። ማኅደሯን አቅፋ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አጥፋ የቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችና ከመደርደሪያው አዲስ ጨርቅ ዘረጋች። ቁልፌ ሜትሩን በአንገቷ አጥልቃ ቀጥ ብላ ቆመች። ተለካች። ልብስ ሰፊዋ በጠርዙ ላይ አራት ጣቷን አሳረፈች፤ አሰብ አደረገችና አውራ ጣቷን ጨመረችበት።

«እማዬ፣ አምስት ጣት ሊሉሽ ነው!»

«ይበሉኛ» አለችና መቀሱን አነሣች። «ቀጥ በይ፣ አትወዛወዢ።»