«ሁለቱም እሺ ብለውኛል»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ ወርጄ ቤት ስገባ... ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ሳሎናችን ውስጥ ተደርድረዋል። አባዬ አጠገባቸው ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። የእማዬ ዓይን ቀልቷል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ደግሞ በሩ ሥር ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ማነው የሞተው?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም፣ ቁጭ በይ» አለኝ አባዬ። «ሁሉንም ሰምተናል። ሁለት ናቸው አሉ። ከእኛ መደበቅ ምን አመጣው?»

በቃ ተነቃብኝ አልኩ። እውነትም ደብቄያቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስታንቡል ያሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለአርክቴክቸር ማስተርስ ከነስኮላርሺፑ ተቀብለውኛል። አምናም አመልክቼ ነበር፤ እማዬ ውጤቱ ሳይመጣ ለጽዋ ማኅበሯ በሙሉ አውርታ፣ ሳይሳካልኝ ሲቀር ያየነው ሀፍረት ለጠላትም አይስጥ። ስለዚህ ዘንድሮ ቲኬት እስክቆርጥ አፌን ዘጋሁ። ግን ከሁለቱ የቱን ልምረጥ? መልስ የሚጠብቁት እስከዚያው ቀን ማታ ነው፤ ካለፈ ሁለቱም ያመልጡኛል። እንጦጦ የወጣሁትም ጭንቅላቴ ይከፈት ይሆናል ብዬ ነው... የተከፈተው ጫማዬ ብቻ ነው።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ አትፍሪ። እንዲያው ማናቸው? ከትልቁ ጀምሪ።»

«ትልቁማ ስመ ጥር ነው» አልኳቸው። «መቶ ዓመት አልፎታል።»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«መቶ... ምን አልሽ?» ጋሽ ደምሴ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«አዎ፣ ከመቶ በላይ ነው። ግን አሁንም ጠንካራ ነው፣ የሚወዳደረው የለም።»

«እሺ... ወጣቱስ?»

«ወጣቱም ጎበዝ ነው። ግን ብዙ አይቀበልም፤ በዓመት ቢበዛ ዐሥራ ሁለት ሰው ነው የሚቀበለው። ሴትም ወንድም።»

«እመቤቴ ድረሽልኝ!» እማዬ ጮኸች።

አባዬ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አንቺ ልጅ! ምን ጉድ ነው ያመጣሽብን?»

ያኔ ገባኝ። ሐሙስ ዕለት ለጓደኛዬ በስልክ እንዲህ ብያታለሁ፦ «ሁለቱም እሺ ብለውኛል። አንዱ አንጋፋ ነው፣ ስም አለው። ሌላው ገና ወጣት ነው፣ ማንም አያውቀውም። እስከ ቅዳሜ ለአንዳቸው ቃሌን መስጠት አለብኝ።» የእኔን ክፍልና የእትዬ ብርቄን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የኛ ግድግዳ ጆሮ እትዬ ብርቄ ናቸው።

«ትምህርት ቤት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ወንድ አይደለም! ማስተርስ ነው! ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል!»

ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እትዬ ብርቄ «እኔ እንግዲህ የሰማሁትን ነው...» እያሉ ውጭ ውጭውን ማየት ጀመሩ። እማዬ እየሳቀችም እያለቀሰችም ትስመኛለች። አባዬ ደግሞ «ሁለቱም? ሁለቱም ተቀበሉሽ?» እያለ ይደጋግመዋል። አምና የተሰበረው ልቤ እዚያው ተጠገነ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሽማግሌዎቹ አሁን ይሄዳሉ ስል ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አነሡ። «ለዳኝነት ተጠርተን ሳንዳኝማ አንወጣም። ጉዳዩ ይሰማ።»

አባዬ ቸኮለ። «ምን ዳኝነት ያስፈልገዋል? ስም ያለው እያለ! ነገ ተመልሳ ሥራ ስትፈልግ የሚጠየቀው እኮ ስሙ ነው።» እውነቱን ነው። እኔም እንቅልፍ ያጣሁት በዚሁ ነው።

እንግዲህ እንደ ተከሳሽ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ አንጋፋው፣ ስለ ታዋቂ መምህራኑ፣ ተመራቂዎቹ ስለሠሯቸው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎች ነገርኳቸው። ሁሉም በአክብሮት ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ወጣቱ አለፍኩ።

«እነዚህኞቹ የሚያጠኑት ዳገት ላይ የተሠሩ የድሮ ሰፈሮችን ነው። ነዋሪው ሳይነሣ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይለያይ ቤቱ እንዴት ይታደሳል የሚለውን። ልክ እንደኛ ቀጨኔ! አሁን ለምሳሌ ጎርፉን በዚህ በኩል ብናወርደው፣ ደረጃው ደግሞ በዚያ ቢዞር... እማዬ ጓዳ ብርሃን ይገባል፣ እትዬ ብርቄም ካሉበት ንቅንቅ አይሉም...»

«ልጄ» ብለው አቋረጡኝ ጋሽ ደምሴ። «ስለ ትልቁ ስትነግሪን ቁጭ ብለሽ ነበር። አሁን የት ነሽ?»

ራሴን ሳየው... ሳሎኑ መሃል ቆሜያለሁ። የአንደኛውን ሽማግሌ ከዘራ ይዤ ምንጣፉ ላይ ደረጃ እየሣልኩ ነው። መቼ እንደተነሣሁ፣ ከዘራውንም መቼ እንደወሰድኩ አላውቅም።

«ብዙ ጋብቻ ዳኝተናል» አሉ። «ልጅቷ እንዲህ ከሆነች ሌላ ምስክር አንጠራም።»

አባዬን አየሁት። ከዘራው የሄደበትን ምንጣፍ አየት አደረገና ፈገግ ብሎ «በይ ላኪላቸው» አለኝ። «ስሙን አንቺ ታስጠሪለታለሽ።»

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ሽማግሌ ፊት ለወጣቱ ቃሌን ሰጠሁ። እትዬ ብርቄ እልልታውን ሲያቀልጡት እማዬ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ሰፈሩ ይስማ ብላ ነው። እኔም ይስማ አልኩ። ዘንድሮ የሚታፈርበት ነገር የለማ!

ጋሽ ደምሴ ለምርቃት ሲነሡ ሁላችንም ጎንበስ አልን። መንገዱንም፣ እውቀቱንም፣ መመለሻዬንም መረቁና... መጨረሻ ላይ ልማድ ሆኖባቸው «ውለዱ፣ ክበዱ!» ብለው ዘጉት።

ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ፤ ከዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደሚወለድ ኢስታንቡል ስደርስ አጣራለሁ።