የስንቅ እንቁላል

የባሌ እህት ከአዳማ የመጣችው ልጄን ልትወስድ ነው። ይህን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም። ሻንጣዋን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «እዚህ ምድጃ ውስጥ ነው ልጅ የምታሳድጊው?» አለችኝ። ሰላምታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐምሌ ነበር። ከድንበር ማዶ፣ ወደቡ ከተማ ዳር፣ ዋራበሌ ሰፈር ያለው ቤታችን የቆርቆሮ ነው፤ በሐምሌ ከቀትር በኋላ ግድግዳውን በእጅ መንካት አይቻልም። እሷ አዳማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ናት፤ ያረፈደ ልጅ በር ላይ አስቁማ የምትቆጣ። እኔንም እንዳረፈደ ተማሪ ነው የምታየኝ። ከአራተኛ ክፍል ማቋረጤን ታውቃለች፤ ስታኮርፍ ታነሳዋለች።

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከወደብ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ይመለሳል። ያኔ መንገድ ላይ ነበር። በስልክ «እስክመጣ ጠብቁኝ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለን። እሱ እንነጋገራለን ካለ እህቱ ትናገራለች ማለት ነው። ወላጅ ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ከረምኩ።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ትበላለች፤ የምልጥላት እኔ ነኝ። ቅርፊት ጉሮሮዋ ላይ ይቀርባታል ብዬ እፈራለሁ። ከላጥኩ በኋላ ዙሪያውን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ለሁለት ከፍዬ አስኳሉን አያለሁ። እንቁላሉንም ከሱቅ አልገዛም። ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ በምን አውቃለሁ? ዶሮ ከምታረባ ጎረቤቴ የዚያኑ ዕለት የተጣለውን፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን እወስዳለሁ። እሱንም ውሃ ውስጥ ከትቼ ከታች ጋደም ያለውን ብቻ እቀቅላለሁ፤ ትንሽ ቀና ካለ በሽንኩርት ጠብሼ እኔ እበላዋለሁ። ግማሽ ሰዓት አፈላውና የቧንቧ ውሃ እለቅበታለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጌ አንድም ቀን በወጉ ተልጦልኝ አያውቅም። ቅርፊቱ ነጩን ይዞ ነው የሚነሳው። የሁሉም ሰው እንቁላል እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት የባሌ እህት እጄን ስታይ ቆየች። «ይኼን እንቁላል ፈንጣጣ ይዞታል እንዴ?»

ልጄ ሳቀች። የልጄ ሳቅ ከእሷ ንግግር በላይ አመመኝ።

«ስጫት፣ ራሷ ትላጥ» አለች። ልጄ ሞከረች። ግማሹ ሳህኑ ላይ ተበተነ፤ ግማሹን በጥፍሯ ቦጫጨቀችው፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። የባሌ እህት እዚያው ፊቴ ስልኳን አነሳች።

«ስማ፣ ልጅህ ስምንት ዓመት ሞልቷት እንቁላል መላጥ አትችልም። ፊደልም አትቆጥር፣ እንቁላልም አትልጥ። ሴትዮህ እንደ ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ ቆልፋባታለች። እኔ ጋ ትምጣ፣ በመስከረም ትምህርት ቤት አስመዘግባታለሁ።»

እሱ ብዙ አልተናገረም። «እሱስ ልክ ነሽ» ሲል ግን ከስልኩ ውስጥ ሰማሁት።

በማግስቱ እሷ ራሷ ልታሳየን ተነሳች። እንቁላሉ የጎረቤቴ፣ ውሃው የቧንቧችን፤ ቀቀለች፣ አቀዘቀዘች፣ ልትልጥ ተቀመጠች። የሷም እንደኔው ተቦጫጨቀ። «የዚህ አገር እንቁላል እንቁላል አይደለም» ብላ ሳህኑን ገፋችው። የኔ ሲሆን የእጄ ጥፋት ነው፤ የሷ ሲሆን የአገሩ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ነገሩ ከእጄ እንዳልሆነ ያወቅሁትም ያኔ ነው።

ባሌ ከተማው መውጫ ላይ ፔካ 12 በሚባለው የመኪናዎቹ መቆሚያ እንቁላል ስለምትሸጥ አንዲት ሶማሌ ያወራ ነበር። አንድ እጁ መሪው ላይ ሆኖ በሌላው እንደሚልጠው ይምል ነበር። ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከአክስቷ ጋር ትቻት መሄድ አልፈለግሁም፤ ስመለስ ሁለቱም ባይኖሩስ ብዬ ፈራሁ።

«ስንት ልስጥሽ?» አለች ሴትዮዋ በአማርኛ፤ ከሹፌሮቻችን የለመደችው ነው።

«አንድ ብቻ። አቀቃቀሉንም እንድትነግሪኝ ነው የመጣሁት።»

«አባዮ» አለችኝ። እህቴ ማለት ነው፤ አባባሏ ግን የእህት አልነበረም። «እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ነገ መጥተሽ አጠገቤ ልትሸጪ?»

«ለልጄ ነው።»

ልጄን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እንቁላሉ የመቼ ነው?»

«የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተጣለ።»

«እሱማ ቆዳውን አይለቅም። አንድ ሳምንት ይቀመጥ።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ማቀዝቀዣ የለሽም? ውሃ ውስጥ ስትከቺው ከታች ሆኖ ቀና ካለ ይበላል። ከተንሳፈፈ ጣዪው። ውሃው ሲንተከተክ በማንኪያ ቀስ አድርገሽ አስገቢ፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተረጋግተሽ ጠጪና አውጪ። ከዚያ በረዶ።»

«እኔ የቧንቧ ውሃ እለቅበታለሁ።»

«የቧንቧሽ ውሃ» አለች፣ «የጎደለው ሻይ ቅጠል ብቻ ነው።»

አጠገቧ የቆሙት ሹፌሮች ሳቁብኝ። እውነቷን ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ በዚያ ውሃ ቅባት የነካው ድስት ያለ እሳት አጥባለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በሙቅ ውሃ እያቀዘቀዝኩ እንደነበር ቆሜ አሰብኩ።

ልጄ የገዛሁላትን እንቁላል ድንጋዩ ላይ መታ መታ አደረገችው። ቅርፊቱ ከስስ ቆዳው ጋር ተያይዞ በሁለት ቁራጭ ወለቀ። ነጩ አንድም ቦታ አልተነካም። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

«በቃ ከፊቴ ዞር በሉ» አለች ሴትዮዋ፤ «ሰው ጋረዳችሁብኝ።»

ከጎረቤቴ አሥር እንቁላል ወስጄ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከታች ደበቅሁ። ስድስት ቀን ቆዩ። መብራት በጠፋ ቁጥር የማቀዝቀዣውን በር ከፍቼ አንድ በአንድ አሸታቸው ነበር። የባሌ እህት «ምን ታነፈንፊያለሽ?» ስትለኝ በሩን መልሼ ዘጋሁ። ቀን ቀን እሷ ስትተኛ ልጄ ከሱቅ በተገዛ አሮጌ እንቁላል ትለማመዳለች። የሱቅ እንቁላል ቤቴ የገባው ለዚያ ነው፤ እንድትበላው ግን አልፈቀድኩም።

ባሌ በዘጠነኛው ቀን ገባ። እህቱ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ነገ ማልደን እንወጣለን፤ ለመንገድ እንቁላል ቀቅዪልን» አለችኝ። የልጄን ቀሚሶች ከገመዱ ላይ አንስታ ሻንጣዋ ውስጥ አስገብታቸው ነበር።

በላስቲክ የቋጠርኩትን በረዶ ሰብሬ ሰፌድ በሚያህል ሳፋ ውስጥ ጨመርኩ። አሥሩንም ቀቀልኩ፣ በረዶው ውስጥ ከተትኩ። ምሳ ላይ ልጄ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ አንዱን አንስታ ላጠች። እንደ ብርጭቆ የሚያንጸባርቅ እንቁላል ሳህኑ ላይ አስቀመጠችለት። ሁለተኛውን ላጠች። አክስቷ አየች።

«ጎሽ» አለች። «በቃ፣ ለመንገዱ ደርሳለች ማለት ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ለዚህች ሴት መልስ ሰጥቼ አላውቅም። «እትዬ» አልኳት፣ «አልቻለችም ብለው ሊወስዷት መጡ። አሁን ደግሞ ቻለች ብለው ይወስዷታል? አንዱን ይምረጡ።»

«አፍ አወጣሽ ደግሞ።»

«ልጄ አትሄድም።»

ባሌን አየችው። እሱ እንቁላሉን በሚጥሚጣ ነክሮ እያኘከ ነበር፤ ቶሎ አልዋጠም። ከዋጠ በኋላ፣ «እትዬ፣ ፊደሉን እኔ በመጣሁ ቁጥር አስቆጥራታለሁ። ልጅቷ እዚሁ ትሁን» አለ። ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። ለእኔ ብሎ ይሁን ለእንቁላሉ እስካሁን አልጠየቅሁትም።

ቀሚሶቹን ከሻንጣው አውጥቼ አንድ በአንድ አጠፍኳቸው። ልጄን ሳልጠብቃት ቅርፊት ቢያንቃትስ የሚለው ፍርሃት እስካሁን አለቀቀኝም፤ የላጠችውን እንቁላል ዛሬም በጣቴ እዳስሳለሁ። «ቆልፋባታለች» ባለችው ነገር የባሌ እህት ልክ ነበረች። ይህን ግን ፊቷ ላይ አልነገርኳትም።

ሰው ስንቅ ሳይዝ ከቤቴ አይወጣም። በማግስቱ ማልጄ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ፤ ገና የተጣሉ፣ የሚሞቁ ስድስት እንቁላሎች ሰጠችኝ። ግማሽ ሰዓት አፈላኋቸው፣ የቧንቧ ውሃ ለቀቅሁባቸው፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ጨውና ሚጥሚጣ ጨምሬ ለባሌ እህት በእጇ ሰጠኋት። እስከ አዳማ ሁለት ቀን ነው። ስትልጥ ትሂድ።