ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያልተቀመጡት

የእናቴን ታላቅ ወንድም ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ደመወዝ እየተከፈላቸው ለክለብ የተጫወቱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ በዚያች ጠባብ ሳሎናቸው፣ አንድም ቀን ተቀምጠው አላየኋቸውም። የበሩን መቃን ተደግፈው፣ እግራቸውን እያቀያየሩ፣ ሳህናቸውን በእጃቸው ይዘው ይበላሉ።

«ኧረ ቁጭ በል አንተ ሰውዬ፣ አዞርከን እኮ!» ይሏቸዋል ባለቤታቸው እትዬ።

«የተቀመጠ ተጫዋች ይቀዘቅዛል።»

እናቴ እንደነገረችኝ፣ በመጨረሻው የውድድር ዘመናቸው አሰልጣኙ ተጠባባቂ አደረጋቸው። እሳቸው ግን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። አሰልጣኙ ዞር ሲል ዝግጁ ሆነው እንዲያያቸው፣ ጨዋታውን ሁሉ ከወንበሩ ጫፍ ቆመው ይጨርሳሉ። ዞር ብሎ የሚጠራው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። መጫወት ካቆሙ በኋላም መቀመጥ እንቢ አላቸው።

ሌላ ቤት ሰው ሲሞት ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። ጋሼ መቼ ወንበር ነበራቸውና! ባዶ የቀረው በሩ አጠገብ ነው። ከአርባቸው ወዲህ እትዬ እዚያ ሰው ሲቆም አይወዱም። «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ቁጭ በሉ» እያሉ ወንበር ይስባሉ።

ትናንት ቤቴ አላስቀምጥ ቢለኝ ከአብነት ሰፈር በእግሬ እትዬ ጋ ሄድኩ። እዚያም መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ሳላስበው የበሩን መቃን ተደግፌ ቆምኩ። ደንግጬ ቁጣቸውን ጠበቅሁ።

እትዬ አዩኝ። ወንበር አልሳቡም። የጋሼን ሳህን አምጥተው በእጄ አስያዙኝ።