የእናቴ «ደህና ነው»

እናቴ ወንድሜን «አሞታል» ብላ አታውቅም። ወንድሜ ከተወለደ ጀምሮ አይራመድም፣ አይናገርም፤ የሚጥል በሽታም አለበት። ሰው «ልጅሽ እንዴት ነው?» ሲላት ግን መልሷ አንድ ነው፤ «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።» እኔም ዓረብ አገር ሆኜ ስደውል የምሰማው ይህንኑ ነበር። ሰላምታ ላይ ማማረር አላህን መክሰስ ይመስላታል።

ጣጣው የቀበሌው ኮሚቴ ፊት ነው። ኮሚቴው በየዓመቱ የደሃ ደሃ የሆኑትን ይለይና የጤና መድን መዋጯቸውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። እንደኛ አካል ጉዳተኛ ላለበት ቤትም ሥራ ሳይሠሩ ከሴፍቲኔት የሚያገኙት ድጋፍ አለ። እናቴ ሻሿን አስተካክላ ትቀርባለች። ልጁ እንዴት ነው ይሏታል። ደህና ነው ትላለች። ለቦታው አዲስ የሆነ ሠራተኛ፣ ደህና የሆነ ልጅ ምን ድጋፍ ያሻዋል ብሎ ያልፋታል። አንዴ ጎረቤታችን ጎሸም አድርጋ ኧረ ንገሪያቸው ብትላት፣ የጠየቁኝን መለስኩ አለች አሉ። መድኃኒቱን እንቁላል እየሸጠች ስትገዛ ኖረች። እንዲህ ያለች ግትር ሴት ነበረች፤ እየተናደድኩባት እንኳ ትናፍቀኛለች።

መሞቷን ሲነግሩኝ ጠቅልዬ የትውልድ ከተማችን መካነ ሰላም ገባሁ። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። አሁን ወንድሜን የማጥበውና የማጎርሰው እኔ ነኝ። ደጅ ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ማንን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ እኔም የምፈልገው እሷኑ ነው።

ዘንድሮ በሽታው ባሰበትና ሐኪሙ ደሴ ሄዶ ይታይ አለን። ያለ መድን ደሴን የማሰብ አቅም አልነበረኝም። ኮሚቴው ፊት የምቀርብ ቀን መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ሄድኩ፤ አይራመድም፣ አይናገርም፣ ይጥለዋል። ተራዬ ደረሰ። ሰብሳቢው ሰላም ካለኝ በኋላ ወንድምሽ እንዴት ነው አለኝ።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

አፌ ላይ የመጣው የእናቴ ቃል ነው፤ ድምፁም የእሷ ነበር። ደነገጥኩ። ጥግ ላይ የተቀመጡት የሠፈራችን ሽማግሌ ሳቅ አሉ። የእናቴን ጀናዛ ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

«ይቺን ‹ደህና ነው› እናውቃታለን፤ እናትሽ ሞታም አልተወችን» አሉ። «በይ ልጄ፣ ሰላምታው አልቋል። አሁን የልጁን ነገር ንገሪን።»

ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ ለእሱ ይሁን ለእሷ እኔም አልለየሁትም። ተስማሙና የመድን ካርዱ ወጣልን፤ የሴፍቲኔቱ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ይታያል ተባለ።

እናቴ ከውጭ ስትገባ ሁልጊዜ ወንድሜን «ደህና ዋልክ ጌታዬ?» ትለው ነበር። ከዚያ ድምጿን ቀጠን አድርጋ እሷው ትመልስለታለች፤ «ደህና ዋልኩ እማዬ።» በስልክ ስሰማት እስቅባት ነበር። ያን ቀን ቤት እንደገባሁ ካርዱን አሳየሁትና ደሴ ልንሄድ ነው አልኩት። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ እንደ እሷ፣ ደህና ዋልክ ጌታዬ አልኩት።

ፈገግ አለ። ፊቱን ወደ በሩ አዞረና የምትመልስለትን ጠበቀ።