የገረንዋ ስም

ትናንት ኮሌጅ ውስጥ፣ በፋርማሲ ላብራቶሪ፣ አዲሱ መምህራችን ቅጠል ሲያፈላ ሽታው ወደ ልጅነቴ ከተማ፣ ወደ ኤረር፣ መለሰኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ኤረር ተመድቦ ያስተምር ነበር። ከቤታችን ጀርባ ግጦሹን የወረረው ዛፍ እሾሁ ጫማዬን በስቶ ወጋኝ። ጎረቤታችን ኤዶ ፋዱማ፣ ኤዶ በሶማልኛ አክስት እንደ ማለት ነው፣ እሾሁን በመርፌ አወጣችልኝና የዚያኑ ዛፍ ቅጠል በጣሳ አፈላች። ውሃው ሻይ መሰለ፤ ሽታው ግን አፍንጫ ውስጥ የሚመር ነበር።

«ኤዶ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

«ገረንዋ።»

በትንሿ ሶማልኛዬ «ማወቅ አቃተኝ» ያለችኝ መሰለኝ። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ደግማ «ገረንዋ» አለችኝ። የማታውቀውን ነገር ቁስሌ ላይ ልታፈስብኝ ነው ብዬ እግሬን ሰብስቤ አለቀስኩ።

ኤዶ ትን እስኪላት ሳቀች። «ስሙ ነው እኮ። መጀመሪያ ሲመጣ ምን እንደሆነ ማንም አላወቀውም፤ እንደዚያው ተጠራ።» እግሬን ጎትታ ለብ ያለው ውሃ ውስጥ ነከረችው። «የከብቶቻችንን ሳር ጨርሶ ዝም ብሎ ይኖራል እንዴ? ይሥራ።»

በሦስተኛው ቀን ሮጥኩ።

ትናንት መምህራችን፣ ጅግጅጋ ከመጣ ገና ጥቂት ወሩ ነው፣ የቅጠሉን የአካባቢ ስም ጠየቀን። እጄን አወጣሁ።

«ገረንዋ» አልኩት።

በአዲሱ ሶማልኛው ትንሽ አሰበና «ካላወቅሽ ለምን እጅሽን ታወጫለሽ?» አለኝ።

ትን እስኪለኝ ሳቅኩ።