የኤርጎጌ ፍርግርግ

ይችን የብረት ፍርግርግ እዩልኝ። መሃሏ ላይ ዳቦ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለቻት። ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ደቡብ የመጡት ሰዎቻችን መጀመሪያ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ በከፈቱባት ቤት ነው ያለችው።

ኤርጎጌ ከዚች ፍርግርግ ጀርባ ስኳርና ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድ ስትሸጥ ጎለመሰች። ባሏ ሽጉጤ ለደንበኛ ዳቦ ሊያቀብል እጁን በቀዳዳዋ እንደሰደደ ነው በጥይት የተመታው። ቤተክርስቲያን ውስጥ ግን «በድንገት ወደ ጌታ ተሰበሰበ» ብለው አለፉት። ልማዳችን ነው፤ በድል ያላለቀ ምስክርነት መድረክ አያገኝም።

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ ሱቁ ተዘግቶ ሳለ፣ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ኮሚቴ አቋቁመው ቤቷን ሙዚየም ሊያደርጓት ተነሡ። እዚህ የተወለዱት ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ኑሮ ይዩ ተባለ። ኤርጎጌ ደስ ብሏት ቁልፉን ሰጠች። ከሳምንት በኋላ ስትመለስ አሮጌው ፍሪጅ ተጥሏል፣ ግድግዳው ሮዝ ተቀብቷል፤ ፍሪጁ በነበረበት አልጋ ተነጥፏል፣ ባለ አበባ ብርድ ልብስ ሳይቀር።

«ይሄ የማን ነው?»

«የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ይተኙበት የነበረ» አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ ዓብዩ።

«አልጋ? አንተ ራስህ ከፍሪጁ ጀርባ ካርቶን ላይ አልነበር የምትተኛው? በሰኔ ብርድ ሞተሩ ላይ ተለጥፈህ! ጥይት የማያልፈው እሱን ብቻ ነው እያልክ!»

«እህት ኤርጎጌ፣ ልጆቹ ይሸማቀቃሉ። ፍርግርጉንም ቅዳሜ እንቆርጠዋለን፤ እስር ቤት ይመስላል።»

«ነበራ!»

ገፍትራ አስወጣችውና ከውስጥ ቆለፈች። ዓብዩ ደንበኛ በሚቆምበት በኩል ዞሮ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ይለማመጣት ጀመር።

«ክፈችልኝ እንጂ።»

«ሁለት ሜትር ራቅ! ማስክህንም አድርግ። ምን ልስጥህ፣ ዳቦ ነው ኤርታይም?»

ልጇ ፊቤ ደጅ ቆማ አፈረች። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይመልከታ! ነይ ግቢ አንቺም።»

በሩን ከፈት አድርጋ አስገባቻትና ከፍርግርጉ ፊት አቆመቻት። «አባትሽ እዚች ጋ ነበር የቆመው። እጁ ወጥቶ ሳለ ነው የተኮሱበት።»

«አክሲደንት ነው ብለሽኝ የለም እንዴ?»

«እንዲህ በያት ያለኝ እሱ ነው፣ ይኸው ቆሟል፣ ጠይቂው።»

ፊቤ እጇን በቀዳዳዋ ሰደደች። ዓብዩ ወደ ኋላ አለ። «ሽማግሌ አዋረድሽ፤ ቅዳሜ እንተያያለን» ብሎ ሄደ።

ካርቶን ላይ በመተኛቱ ያፍራል፤ የሽጉጤን ሞት በሮዝ ቀለም ሲሸፍን ግን አላፈረም። ሶዌቶም ሆነ ጻካኔ ያለህ ወንድሜ፣ አንተም ከፍሪጅ ጀርባ ተኝተሃልና፣ መቁረጫው ሳይቀድምህ ቅዳሜ ልጅህን ይዘህ ናና ከኤርጎጌ ጎን ቁም።