የዴዊ አያት ካርታ

ዛሬ ጠዋት የሰው ቅርስ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩ።

እዚህ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ውስጥ የኢንዶኔዥያን ታሪክ አብራኝ የምትማረው ዴዊ፣ «ይዩልኝ» ብላ አንድ ካርታ ሰጠችኝ። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ስለተከራከሩባቸው ደሴቶች ለክፍሉ ልትናገር ነበር።

ካርታው ባሕሩ ላይ የድንበር መስመር የለውም። በእኛ ጊዜ ይህ በአለንጋ ያስገርፍ ነበር። የቤት ሥራዋ መስሎኝ ድንበሩን በቀይ አሰመርኩላት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዓሣ አጥማጁ አያቴ የሳሉት ነው» አለችኝ። ሌላ ቅጂ የላትም። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተራዋ ሲደርስ ካርታውን ከነመስመሩ ከፍ አድርጋ ያዘች። «አያቴ በሁለቱም በኩል ያጠምዱ ነበር። ድንበሩም የመጣው እንዲሁ ነው፤ ከእሳቸው በኋላ፣ በሌላ ሰው እጅ» አለች።

ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ከአስር ስንት ሰጡኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እናንተስ፣ እናርማለን ብላችሁ አበላሽታችሁ፣ ባለቤቱ ይቅር ያላችሁ ነገር አለ?